የሂማላያ የእግር ጉዞ ፕሮግራም ሲላክላችሁ የመኝታውን ከፍታ እዩ

በኔፓል ተራሮች ከአስጎብኚ ጋር፣ ሻይ ቤት በሚባሉት ማደሪያዎች እያደራችሁ ለመጓዝ ካሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ፕሮግራሙ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትሄዱ ይዘረዝራል። እሱን ለጊዜው ተዉት። በየሌሊቱ የምታድሩበትን ከፍታ ብቻ በቅደም ተከተል ጻፉና ከሌሊት ሌሊት ያለውን ልዩነት አስሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚገኝ ማደሪያ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከበለጠ፣ አንድ ሌሊት ይጨመርልን በሉ፤ ሰውነት ከፍታውን ሳይለምድ ቶሎ መውጣት ያሳምማል።

ለምሳሌ ላንግታንግ ሸለቆ። ብዙ ፕሮግራሞች ላማ ሆቴል የሚባለው ሰፈር (2,480 ሜትር ገደማ) ያሳድሯችሁና በማግስቱ ላንግታንግ መንደር (3,430 ገደማ) ያስገቧችኋል። በአንድ ቀን 950 ሜትር በጣም ብዙ ነው! መሃል ላይ ጎዳ ታቤላ አለ፣ 3,000 ሜትር አካባቢ። እዚያ እደሩ።

ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ መመለስ ያን ያህል አይጎዳም። ሰውነት የሚፈተነው ሌሊት ነው፤ ስንተኛ ትንፋሻችን ስለሚቀንስ በደማችን ያለው ኦክስጅን ይበልጥ ይወርዳል።

አዲስ አበባ ስለምኖር ከፍታ ለምጃለሁ ብላችሁ ይህን አትዝለሉት። ደግሞ ስሌቱ ልክ ሆኖም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ወደ ላይ አትቀጥሉ። ከባሰባችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ለአስጎብኚው ነግራችሁ ውረዱ።