ርካሽ ጊታር ሲገዙ፦ «የት ተሠራ?» ከማለት በፊት ምን ይታያል?

ለጀማሪ የሚሆን ጊታር ሲፈለግ ገዢው ቀድሞ የሚጠይቀው «የቻይና ነው?» ብሎ ነው፤ ሻጩም «ኦሪጅናል ነው» ይላል። ጥያቄውም መልሱም ስለ ጊታሩ የሚነግሩን ጥቂት ነው።

ዛሬ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት የታወቁ ጊታሮች ባብዛኛው የሚመረቱት በኢንዶኔዥያና በቻይና ነው። የአሜሪካው ጊብሰን ኩባንያ ርካሹን ብራንዱን ኤፒፎንን በቻይናዋ ቺንግዳዎ ከተማ ማምረት የጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። የደቡብ ኮሪያው ኮርት በኢንዶኔዥያ ሱራባያ ባለው ፋብሪካ የራሱን ጊታር ይሠራል፤ እዚያው ለሌሎች ብራንዶች፣ ለአይባኔዝ፣ ለፌንደር ርካሽ ብራንድ ለስኳየርና ለፒአርኤስ ኤስኢም ይሠራል። አንድ ጣሪያ ሥር፣ ስማቸውና ዋጋቸው የተለያየ ጊታሮች ይወጣሉ ማለት ነው። ፌንደር ደግሞ መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን በሜክሲኮዋ ኤንሴናዳ ያመርታል።

የአገር ዝናም ይለዋወጣል። ስኳየር በ1982 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሲጀመር የርካሽ ምርት ስም ነበር፤ በኋላ ሥራው ወደ ኮሪያ፣ ከዚያም ወደ ቻይናና ኢንዶኔዥያ ሄደ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ የጃፓን ጊታሮች ዛሬ ሰብሳቢዎች አሳደው የሚገዟቸው ናቸው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ብራንዱ ለፋብሪካው የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ወጪ የሚቀነሰው በእንጨቱ፣ በመቃኛ ቁልፎቹ፣ ከሁሉ በላይ ግን በሰዓት ነው፤ የፍሬቶቹን (በአንገቱ ላይ በተርታ የተሰኩትን ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ መሞረድና የክሩን ከፍታ ማስተካከል የእጅ ሥራ ስለሆነ ጊዜ ይበላል። ጣት ላይ የሚያቆስለው፣ ጀማሪውንም «እኔ አልችልም» ብሎ እንዲተው የሚያደርገው ይኸው የተዘለለ ሥራ ነው። ደግነቱ ከሁሉም በቀላሉ የሚታረመው እሱ ነው።

መጀመሪያ ጊታሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። በአኩስቲክ ጊታር በድምፅ ቀዳዳው በኩል ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት ላይ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ከጊታሩ ራስ (የመቃኛ ቁልፎቹ ካሉበት ጫፍ) ጀርባ ይገኛል። «በአሜሪካ ተነደፈ» ማለት በአሜሪካ ተሠራ ማለት አይደለም። ጊብሰን የሚል ስም ይዞ በቻይና መሠራቱን የሚገልጽ ጊታር ካጋጠመዎ ሐሰተኛ ነው፤ በዚያ ስም የሚወጡት በአሜሪካ ብቻ ይሠራሉ።

ቀጥሎ የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በስልክ መብራት ይመልከቱ። የላይኛው ገጽ የእንጨት መስመሮች ጠርዙን ተሻግረው ወደ ታች ከቀጠሉ ገጹ አንድ ወጥ እንጨት ነው። ጠርዙ ላይ ስስ ንብርብሮች ከታዩ ኮምፔንሳቶ ነው። ወጥ እንጨት ድምፁ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ድርቀት ይሰነጥቀዋል። ጊታሩን ሳጥን ውስጥ ለማያስቀምጥ ጀማሪ ኮምፔንሳቶው ይሻላል ባይ ነን።

ብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ ገጽ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ሥር ወረቀት ለማስገባት ይሞክሩ፤ ከገባ እየተላቀቀ ስለሆነ ይተዉት። ከዚያ ጊታሩን ቃኝተው እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ይምቱ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ከፍ ብሏል። የባንክ ካርድ ጠርዝ በሦስት ፍሬቶች ላይ ሲያስቀምጡ ከተወዛወዘ መካከለኛው ነው ችግሩ።

አሁን የክሩን ከፍታ ይለኩ። በ12ኛው ፍሬት ላይ፣ ከፍሬቱ ጫፍ እስከ ክሩ ሥር፣ የብረት ክር ላለው አኩስቲክ በወፍራሙ ክር በኩል 2.5፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥሩ ነው። ለናይለን ክር 4 እና 3 ይሁን። ከፍ ካለ ወደ ሳድሉ (በብሪጁ ላይ ክሮቹን ወደሚሸከመው ስስ ቁራጭ) ከመሄድዎ በፊት አንገቱን ይመርምሩ፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው ብዙ ሳድል የሚበላሸው። ወፍራሙን ክር በ1ኛውና በ14ኛው ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጭነው 7ኛው ላይ ያለውን ክፍተት ይዩ፤ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ከበዛ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ፣ ትራስ ሮዱን፣ በአለን ቁልፍ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ብቻ ያጥብቁ፣ እንደገና ይቃኙና ይለኩ። እምቢ ካለ አያስገድዱት፤ የተሰበረ ዘንግ ጥገናው ከጊታሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ብዙዎቹ ክላሲካል ጊታሮች ይህ ዘንግ የላቸውም።

አንገቱ ቀጥ ብሎም ክሩ ከፍ ካለ ሳድሉን አውጥተው ከሥሩ፣ በመስታወት ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ይሙረዱት። በ12ኛው ፍሬት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከሳድሉ አንድ ሚሊ ሜትር መነሣት አለበት። መስመሩን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ የተነሣው አይመለስም። ሳድሉ ከመጀመሪያውም አጭር ሆኖ ክሩ ከፍ ካለ የአንገቱ ማዕዘን ተዛብቷልና አይግዙት።

አዲስ አበባ ላይ የሚገዛ ሰው በጋን ማሰብ አለበት። ፋብሪካዎች እንጨቱን ከ45 እስከ 55 በመቶ በሚሆን የአየር እርጥበት ይሠሩታል፤ በበጋ እንጨቱ ይኮማተርና የማይኮማተረው የፍሬት ብረት በአንገቱ ጎን ይወጣል፤ እጅ ሲንሸራተት ይቧጭራል። ጊታሩ በርካሽ አገር ስለተሠራ አይደለም፤ ውዱም ይሆናል። በተበሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ፣ ግን የማይንጠባጠብ ስፖንጅ አድርገው ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ካልተሻለው በቀጭን ሞረድ ጫፎቹን ይሙረዱ። ከውጭ ዘመድ የሚያመጣልዎ ከሆነ ክሮቹን በአንድ ሙሉ ቶን (በሁለት ፍሬት ያህል ድምፅ) አላልቶ የጊታሩን ራስ ዙሪያ በልብስ እንዲደግፍ ይንገሩት፤ በአውሮፕላን ጉዞ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ከበጀትዎ ለአዲስ ክርና ለባለሙያ ማስተካከያ የሚሆን ያስቀሩ። የናይለን ክር ያለበትን ክላሲካል «ድምፁ ይጉላ» ብለው የብረት ክር አይግጠሙበት፤ የብረቱ ውጥረት ብሪጁን ይነቅለዋል።