ሁለት ቀን ቢሮ፣ የቀረው እንደ ሥራው፦ ከቤት መሥራትን እንዴት ጀመርነው

መገናኛ አካባቢ 11 ሠራተኞች ባሉን አንዲት የሒሳብ ቢሮ የሰው ኃይል ጉዳይ የእኔ ነው። ስንጀምር ያጠፋሁት ጥፋት ቀኑን ለየሰዉ ምርጫ መተዌ ነበር። ሰኞና ዓርብ ቢሮው ወና ሆነ፤ ደንበኛ መጥቶ ከጥበቃው ጋር አውርቶ ሄደ።

ስለዚህ ከሥራው ጀምሩ። የእያንዳንዱን ሰው የሳምንት ሥራ ወረቀት ላይ ጻፉና ማኅተም፣ ደረሰኝ ወይም ደንበኛ ያለበትን ለዩ፤ እሱ የቢሮ ነው። ሪፖርት ማዘጋጀትና ሒሳብ ማስታረቅ ቤትም ይሠራል። እኛ ማክሰኞና ሐሙስን ሁሉም ቢሮ የሚገባበት ቀን አደረግን። የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ ሲደርስ ግን ማንም ቤት አይቀርም።

"መብራት ጠፋ" ሰበብም ነው፣ እውነትም ነው። ደንባችን እንዲህ ነው፦ አንድ ሰዓት ካለፈ ለአለቃ መደወል፣ ግማሽ ቀን የሚቆይ ከመሰለ ቢሮ መምጣት። የኢንተርኔት ጥቅሉን ቢሮው ይግዛ። ከትራንስፖርት አበል ግን አትቁረጡ፤ ሞክረነው ኩርፊያው ወር ፈጀ።

ስምምነቱን ጽፋችሁ ተፈራረሙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል፤ ቤት መሆን ይህን አይለውጥም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በቴሌግራም "እስቲ ይቺን አንዴ እይልኝ" ማለትም ሥራ ማዘዝ ነው።

መጀመሪያ ለሦስት ወር ሞክሩት። ቤቱ የማይመቸው ሰው አይጠፋም፤ አንድ ባልደረባችን ልጆቹ አላሠራ ሲሉት ራሱ ጠይቆ በየቀኑ መምጣት ጀመረ። ደግነቱ ወንበሩን አላነሳንበትም ነበር።