አክቲቭ ሃይድሮሊክ ሰስፔንሽንን በመደበኛ ሾክ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መኪናውን በዘይት ግፊት የሚደግፈው ሃይድሮሊክ ሰስፔንሽን ዘይት ማፍሰስ ሲጀምርና ጥገናው ሲከብድ፣ ሥርዓቱን አውጥቶ በሞላና በመደበኛ ሾክ መተካት ብዙ ባለመኪናዎች የሚያስቡት መፍትሔ ነው። ይሁንና ሥራው አራት ሾክ ፈትቶ አራት ሾክ ማሰር ብቻ ተደርጎ ሲቆጠር፣ ሃይድሮሊኩ ይሸከማቸው የነበሩ ሌሎች ተግባራት ይዘነጋሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ሳይመረምሩ መወሰን ነው። የሚያንገጫግጭ መኪና ችግሩ ናይትሮጅኑ ያለቀበት አኩሙሌተር (ንዝረትን በጋዝ የሚያለዝብ የግፊት ማጠራቀሚያ) ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከሙሉ ለውጡ እጅግ የቀለለ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ግፊቱን ሳያስተነፍሱ ቱቦ መፍታት ነው። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባስተዋወቀው አክቲቭ ቦዲ ኮንትሮል በተባለው ሃይድሮሊክ ሰስፔንሽን ውስጥ ግፊቱ ወደ 200 ባር ይደርሳል። በዚህ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳን ሰርስሮ ሊገባ ይችላል፤ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም በአስቸኳይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ስለዚህ የሚያፈስ ቦታ በእጅ ተዳስሶ አይፈለግም፤ መኪናውም በክሪክ ብቻ ተደግፎ ከሥሩ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን የፓምፑ ጉዳይ ነው። በዚሁ የመርሴዲስ ሥርዓት ሰስፔንሽኑንና መሪውን የሚመግበው አንድ ጥንድ ፓምፕ በመሆኑ፣ ፓምፑን ጨርሶ ያወጣ ሰው የመሪውን ኃይል አብሮ ያጣል። የሰስፔንሽኑን መውጫ በቡሎን መድፈንም ሆነ ያንን ክፍል ያለ ዘይት እንዲሽከረከር መተው ፓምፑን ይጎዳል። የሚሻለው ዘይቱ ያለ ግፊት ወደ ማጠራቀሚያው እንዲመለስ ቱቦውን ማዞር፣ ወይም ለመሪ ብቻ የሚሠራ ተስማሚ ፓምፕ መግጠም ነው። በሲትሮዌን ዲ ኤስ ደግሞ ፍሬኑም ከዚያው የግፊት መስመር ስለሚመገብ፣ እዚያ መስመሩን መነካካት ከምቾት ያለፈ አደጋ አለው።

ሌላው የስታቢላይዘር ባርን (የግራና የቀኝ ጎማዎችን አገናኝቶ ማዘንበልን የሚቀንሰውን ብረት) ጉዳይ መዘንጋት ነው። አክቲቭ ቦዲ ኮንትሮል በኩርባ ላይ የሚፈጠረውን ማዘንበል በሃይድሮሊክ ስለሚቆጣጠር እነዚህ መኪናዎች ባሩ የላቸውም፤ ሃይድሮሊኩ ሲወጣ ማዘንበሉን የሚከላከለው ሞላውና ሾኩ ብቻ ይሆናል። ለስላሳ ሞላ መርጦ በኋላ መኪናው ኩርባ ላይ ይተኛል ብሎ ማማረር ተገቢ አይመስለኝም። ሞላው ለሞተሩና ለአካሉ ክብደት መመረጥ አለበት፤ ለስምንት ሲሊንደር የተሠራው ለአሥራ ሁለት ሲሊንደሩ አይበቃም። በሃይድሮሊኩ ፒስተን ላይ እንዲቀመጥ የተሠራውን የድሮውን ሞላ ለብቻው መልሶ መጠቀምም አያዋጣም።

በሚታሰርበት ጊዜ፣ ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያገናኙትን የሰስፔንሽን ክንዶች ቡሎኖች ማጥበቅ የጎማ ቡሾቹን ጠምዝዞ ስለሚይዛቸው ቶሎ ይቀደዳሉ፤ የመጨረሻው ማጥበቂያ መኪናው በራሱ ክብደት ሲቆም ይሁን። ከፍታው ስለሚለወጥም አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫና ዝንባሌ) እና የፊት መብራት አቅጣጫ እንደገና ይስተካከላሉ።

የዳሽቦርዱን ማስጠንቀቂያ መብራት በቴፕ መሸፈንም መፍትሔ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ያልተገኙትን ሴንሰሮችና ቫልቮች መፈለጉን እንዲያቆም በመመርመሪያ መሣሪያ ወይም ለዚሁ በተሠራ ሞጁል መስተካከል አለበት፤ ይህም የሚቻል መሆኑ ሃይድሮሊኩ ከመፈታቱ በፊት ይረጋገጥ።