ቤቱ መሞት የሚፈልግን ታካሚ ከዋርድ መሸኘት፦ ለነርሶችና ለአስተባባሪዎች

ዓርብ ከሰዓት የተሸኘ ታካሚ ቅዳሜ ሌሊት ሕመሙ ሲነሳበት ማስታገሻው ሞርፊን የለውም፣ ፋርማሲው ዝግ ነው፣ የሚያውቀውም ሐኪም ተረኛ አይደለም። ስለዚህ ተመልሶ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። መውጫውን በሳምንቱ መጀመሪያ አድርጉት፤ ዝግጅቱንም ታካሚው ገና መናገር ሲችል ጀምሩ። ቤተሰቡ ከሩቅ ክልል ከሆነ ደግሞ አትቆዩ፤ አስከሬን ማጓጓዝ በሕይወት ያለ ሰው ከማድረስ እጅግ ይወደዳል።

መጀመሪያ ወሳኙ ማን እንደሆነ እወቁ። አልጋው ሥር የምታድረው አስታማሚ ብዙ ጊዜ ወሳኟ አይደለችም፤ ወሳኙ ታላቅ ወንድም ወይም ከውጭ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ሊሆን ይችላል። እሱ ያልሰማው ስምምነት በማግስቱ ይፈርሳልና በስልክም ቢሆን አሰሙት። ቤተሰቡ ስለ ታካሚው «ለሱ እንዳትነግሩት» ማለቱ አይቀርም። አትከራከሩ። ታካሚውን ለብቻው «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለማን እንንገርልዎ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በራሱ ቃል ካርዱ ላይ ጻፉ። የማታ ተረኛ ሌላ ነገር እንዳይናገር የሚከለክለው ያ ጽሑፍ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዋናው ሥራ መድኃኒቱ ነው። ሞርፊን ወስዶ ለማያውቅ አዋቂ የተለመደው መነሻ በአፍ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ነው፤ ለአረጋዊና በጣም ለከሳ ሰው ዝቅተኛው። መሀል ላይ ሕመም ከተነሳ ያው መጠን ይደገማል፤ የቀጣዩ ሰዓት መጠን ግን አይዘለልም። የመኝታው መጠን እጥፍ ሲሆን ሌሊቱን ያሳድራል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሰውነት ውስጥ ግን ሞርፊን ይጠራቀማል፤ መጠኑ ይቀነስ፣ ሰዓቱም ይራቅ።

ሽሮፑ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 5 ሚሊግራም ወይም 50 ሚሊግራም የያዘ ሊሆን ይችላል። «አንድ ማንኪያ» ብሎ መንገር የአሥር እጥፍ ስህተት ይጋብዛል። መጠኑን በሚሊሊትር ጻፉ፣ ሲሪንጁ ላይ መስመሩን በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ አስታማሚዋም ፊታችሁ ቀድታ ታሳያችሁ። ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር ጻፉላት፦ ጠዋት 12፣ 4፣ 8፣ ማታ 12፣ ከዚያም ማታ 4 ላይ እጥፉ። ቻርቱ ላይ 18፡00 ያለውን ገልብጦ መስጠት ቤት ውስጥ ግራ ያጋባል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሆድ ማለስለሻው ቢሳኮዲል ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ማታ ማታ ይጨመር። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ በአምስተኛው ቀን ሆዱ ሲነፋ ቤተሰቡ «መድኃኒቱ ነው የገደለው» ብሎ ጠርሙሱን ይደብቀዋል። የሚሸት ቁስል ካለ የተፈጨ የሜትሮኒዳዞል ክኒን ቁስሉ ላይ መነስነስ ሽታውን ይቀንሳል፤ ሽታው ሲቀንስ ጠያቂ ይመለሳል።

ጸበልን ራሳችሁ አንሱት፤ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም፣ መድኃኒቱን ግን ያቆማሉ። ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ የንስሐ አባቱ ቢናገሩ ከእናንተ ይበልጥ ይሰማሉ። መቁረብ የሚፈልግ መዋጥ ሳያቅተው ካህን ይጠራለት። ለሙስሊም ቤተሰብም ጊዜው መቅረቡን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሸሃዳ የሚያስብለው ሰው እንዲደርስ፣ ቀብሩም እንዳይዘገይ።

ስለ ጣሩ ሳትነግሩ አትሸኙ። መብላት ሲያቆም «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ይላሉ። በዚያ ሰዓት የሚገባ ፈሳሽ እብጠትና የደረት ፈሳሽ እንደሚያበዛ፣ ደረቅ አፉን በእርጥብ ጨርቅ መንካት እንደሚበቃ አስረዱ። ጉሮሮው ሲያጓራ በጎኑ አስተኝተው ራሱን ትንሽ ከፍ ያድርጉ፤ ድምፁ የሚያሠቃየው ብዙውን ጊዜ ሰሚውን ነው።

በእጃቸው የሚሄደው ወረቀት የበሽታውን ስም፣ መድኃኒቶቹን፣ የዋርዱን ስልክና በቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ ይያዝ። ቅጂው ጤና ጣቢያው ይድረስ፤ ደውላችሁም መድረሱን አረጋግጡ። ሞርፊኑ ሊያልቅ 3 ቀን ሲቀረው አዲስ ማዘዣ የሚቀበለው ማን እንደሆነ በስሙ ጻፉ። የተረፈ ጠርሙስ ካለ ከቀብሩ በኋላ ወደ ፋርማሲው ይመለስ።