ሁለት ውሻ ለምታሳድጉ

ቦቢን ስትደባብሱት ቡቺ መሀል እየገባች ታጉረመርማለች? አትቆጧት፣ አትግፏትም። የተቀቀለ ሳምባ ጥፍር ጥፍር አሳክላችሁ ቆርጣችሁ ኪሳችሁ ያዙ (በፌስታል ይሁን፣ ሽታው ከሱሪ አይለቅም)። በአንድ እጅ ቦቢን እየደባበሳችሁ፣ በሌላው ለቡቺ አንዷን ቁራጭ በአፏ ስጧት። ግን ገና ጸጥ ብላ ሳለች ነው፣ ማጉረምረም ሳትጀምር። እጃችሁን ከቦቢ ስታነሱ ሳምባውም ይቁም። ቀጥሎ ተራ ቀይሩ።

ስትቆጧት የሚገባት «እሱ ሲወደድ እኔ እባረራለሁ» የሚል ነው። አሁን ግን የቦቢ መደባበስ የሳምባ ምልክት ይሆንላታል። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ለሳምንታት ግን ሳታቋርጡ።

በምግብ ተናክሰው የሚያውቁ ከሆነ ይሄን አትሞክሩ፤ ሳምባው ራሱ ጠብ ይጭራል። እነሱን ለየብቻ አብሏቸው።