ለገጠር ተልዕኮ ስትዘጋጁ፦ ከካርቶኑ በፊት ስልኩን አንሱ

ነርስ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን የተልዕኮ ቡድን ጋር ስድስት ጊዜ ድንበር ተሻግሬ በገጠር አገልግያለሁ። አሁን አስተባባሪ ስለሆንኩ አዲስ ተጓዦች «ምን እንያዝ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ጉዟችንን ጉድ እነግራቸዋለሁ።

ስምንት ካርቶን መድኃኒት ይዘን ሄድን። ምእመናን ከየቤታቸው በፍቅር ያዋጡት ነው። የተጀመረ የሳል ሽሮፕ አለበት። ከማሸጊያው ወጥቶ በፌስታል የተቋጠረ ኪኒን አለበት። ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር የቀረው አንቲባዮቲክም አለበት። ጉምሩክ አምስቱን አስቀረ። ሦስቱን የጤና ጣቢያዋ ሲስተር በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ ስትለይ አመሸች። የሚጠቅማት አንድ ትንሽ ከረጢት ብቻ ሆነ። የተረፈውን ማስወገድም የእሷ ሥራ ሆነ። በትሕትና አመሰገነችን። እኔ ግን ሼም ያዘኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ስጦታ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እኛ አላየነውም። ተቀባዩ ያልጠየቀውን አትላኩ ይላል። ሰው ወስዶት የተረፈውን አትላኩ። እዚያ ሲደርስ ጊዜው ሊያልፍ በአብዛኛው ቢያንስ 1 ዓመት ይቅረው። የማሸጊያው ጽሑፍም የአገሩ ባለሙያ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። እኛ አራቱንም ጥሰናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ደውሉ። ለአስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ብቻ ሳይሆን ለጤና ጣቢያው ኃላፊም ጭምር። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። እንግዳን ላለማሳፈር ሲሉ ያሰባችሁትን ሁሉ «ጥሩ ነው» ይሏችኋል። «ባለፈው ወር ምን አለቀባችሁ?» በሉ። ከዚያ ከባዱን ጥያቄ ጨምሩ፦ «እኛ ባንመጣና የጉዞው ገንዘብ እጃችሁ ቢገባ ምን ትሠሩበት ነበር?» ጠይቃችሁ ዝም በሉ። አንድ ጊዜ ዝምታው ረዘመና አንድ ሽማግሌ «የውሃ ፓምፓችን ከቆመ ቆይቷል» አሉ። አሥራ አራት ሆነን ልንሄድ ነበር። ሦስት ሆነን ሄድን። በተረፈው ፓምፑ ተጠገነ።

ስለ ፓምፕ ካነሳሁ አይቀር፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የፓምፑን ዓይነት በፎቶ አስልኩ። አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ የመንደሩ ሰው በቀላል መሣሪያ ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። ኢንዲያ ማርክ ቱ የሚባለው ሌላው የእጅ ፓምፕ ጠንካራ ነው፤ ግን ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ከባድ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። የአንዱ ፓምፕ የውስጥ ጎማ ለሌላው አይሆንም። የሚጠግን ሰውና መለዋወጫ የሚሸጥበት ቦታ ሳይታወቅ አዲስ ፓምፕ ባትተክሉ ይሻላል።

ገንዘቡን አንድ ሰው ብቻውን አይያዝ፤ የቡድን መሪውም ቢሆን። ጳውሎስ እንኳ መዋጮ ሲያደርስ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲጓዝ አድርጓል። 2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8ን ከጉዞው በፊት አብራችሁ አንብቡት።

የራሳችሁንም ጤና አትርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠየቅበት አገር ከሆነ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ። ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን የታዘዘላችሁ ከወባማው አካባቢ ከወጣችሁ በኋላም 4 ሳምንት ትቀጥላላችሁ። ብዙ ሰው አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ያቆመዋል። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና።

እዚያ ስትደርሱ ሐኪምም ነርስም የአገሩን ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ይያዝ። አገራችሁ የማይፈቀድላችሁን ሕክምና እዚያ አትሞክሩ። እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ የደም ግፊት ነገር ነው። አንዲት እናት ግፊታቸው ከፍ ብሎ አገኘነውና የአንድ ወር መድኃኒት ሰጠናቸው። ከዚያስ? ጣቢያው ያን መድኃኒት አያስመጣም ነበር። አሁን ሲስተሯ የምትቀጥለውን መድኃኒት ብቻ እንጀምራለን፤ የታካሚው ካርድም እሷ ጋ ይቀመጣል።

ጸሎትን ከመድኃኒት ወረፋ ጋር አታጣብቁ። ልጇን ታቅፋ የምትጠብቅ እናት «አልፈልግም» ማለት አትችልም። መጀመሪያ ትታከም፣ መድኃኒቷን ትያዝ። ከዚያ እንጸልይልሽ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለች በፈገግታ ሸኟት። ቡድናችን ውስጥ በዚህ የተከራከሩኝ አሉ፤ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ሲተረጎምላችሁ ደግሞ ታካሚዋን እያያችሁ በአጭር በአጭሩ ተናገሩ። ልጇን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ እናቱ በልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም ይኖራታል። ፎቶ? የታመመ ሰውና ሕፃን አታንሱ፤ በቃ።

ከተመለሳችሁ በሦስተኛው ወር ሲስተሯ ጋ ደውሉ። ለእሑዱ ምስክርነት ታሪክ ፍለጋ አይደለም። የትኛው መድኃኒት ሳይነካ ተቀመጠ? ፓምፑ ውሃ ይሰጣል? ያለችውን ጻፉና ለሚቀጥለው ቡድን መሪ ስጡ። የእኛ ደብተር አርባ ገጽ ደርሷል። ግማሹ «ይህን አታምጡ» የሚል ነው።