የስልኩ ልኬት ሐኪሙ ጋ ካልደረሰ

እናቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። ደም ግፊትም ስኳርም አለባት። ቤቷ ትለካለች፤ ልኬቱ በብሉቱዝ ስልኳ ላይ ወዳለው አፕ ይገባል፤ አንዳንዴም በእጅ ትሞላዋለች። ለክትትል በጀልባ ባሕር ዳር ስትመጣ ግን ሐኪሟ የሚያየው የዚያን ቀኑን ልኬት ብቻ ነበር። የወራት ልፋቷ ስልክ ውስጥ መቅረቱ አንገበገበኝ። ልኬቱን ከስልኩ ወደ ሆስፒታሉ ሲስተም ለማስገባት እየተመላለስኩ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

«ተልኳል ይላል፣ ሐኪሙ ግን አያየውም»

መጀመሪያ ቀኑን ተመልከቱ። መስከረም 5 ቀን 2017ን 5/1/2017 ብላችሁ ከሞላችሁ ሲስተሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 5 ቀን 2017 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ነው። አዲሱ ልኬት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አርጅቶ ዝርዝሩ ግርጌ ይወድቃል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ብላችሁ ብትሞሉ ጭራሽ አይቀበልም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። እናቴ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ እህል ሳትቀምስ የለካችውን ስኳር 1:00 ብላ ትሞላለች። ሲስተሙ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። ሐኪሙ በዚህ ተነስቶ የማታ መድኃኒቷን ሊነካ ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ከሁሉም በላይ ይሄ ነው።

መፍትሄው፦ ቀንና ሰዓት በእጅ አትሙሉ፤ መሣሪያው ራሱ ይመዝግብ። የስልኩም የመለኪያውም ሰዓት ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። በወረቀት ስትጽፉ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፤ «ጠዋት»፣ «በባዶ ሆድ» የሚለውንም ጨምሩ።

«በዚህ ስም መዝገብ የለም»

ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ካርድ ክፍል ሄዳችሁ የካርድ ቁጥሩንና የስሙን አጻጻፍ እስከ አያት ድረስ ቅዱ፤ አፑም ላይ እንደዚያው ሙሉ። ሁለት ካርድ ወጥቶ ከሆነ እንዲያዋህዱላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ አታስወጡ።

«ስኳሩ ከ126 ወደ 7 ወረደ»

አልወረደም። አንዱ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በሚሊሞል በሊትር ነው። 7ን በ18 ብታባዙ 126 ይመጣል። መለኪያውንና አፑን አንድ አሃድ ላይ አድርጉ።

«መሣሪያው ይለካል፣ ስልኩ ዝም ይላል»

አፑ ፈቃድ ተከልክሎ ወይም ባትሪ ቆጣቢው አስተኝቶት ይሆናል። አንድሮይድ 14 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሄልዝ ኮኔክት (አፖች የጤና መረጃ የሚለዋወጡበት የስልኩ ክፍል) ውስጥ ገብታችሁ ለግፊትም ለስኳርም ለየብቻ ፍቀዱ።

«ሆስፒታሉ ሲስተም ላይ አማራጩ የለም»

ስልክና የሆስፒታል መዝገብ የሚግባቡት ሁለቱም አንድ ዓይነት ስታንዳርድ ሲጠቀሙ ነው፤ በብዛት የሚሠራበት ፋየር (FHIR) የሚባለው የጤና መረጃ መለዋወጫ ስታንዳርድ ነው። አፕል በ2018 እ.ኤ.አ. አይፎን ላይ ያመጣው፣ የሆስፒታል መዝገብን ስልክ ላይ የሚያሳየው አገልግሎትም የሚሠራው ከተመዘገቡ ተቋማት ጋር ብቻ ነው። እኛ እስኪደርሰን የሁለት ሳምንቱን ልኬት በፒዲኤፍ አውጥታችሁ አሳትሙ፤ ካርዱ ውስጥ እንዲያያዝም ጠይቁ።

«ግፊቱ ቤት ከፍ ይላል፣ ክሊኒክ ደህና ነው»

ይሄ የማገናኘት ችግር ላይሆን ይችላል። እናቴ የምትለካው አቦሉን እንደጠጣች ነበር፤ የዘጌ ሰው ያለ ቡና አይውልም። አሁን ከቡና በፊት አምስት ደቂቃ ጸጥ ብላ ተቀምጣ ትለካለች። ቡናው ከቀደመ ግማሽ ሰዓት ትቆያለች። ጎረቤት መሣሪያውን ሲዋስም ሁለተኛውን ተጠቃሚ መርጦ ይለካል፤ የእሱ ግፊት እሷ መዝገብ ላይ እንዳይገባ።